እህት ገንዘብ፣ አጎት ግቢ፣ እኔ ሙያ፦ ፈቃዱ በማን ስም ይውጣ?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የደሴ ልጅ ነኝ፤ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው የምኖረው። 31 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። እስካሁን በሰው ወርክሾፕ ተቀጥሬ የአልሙኒየም በርና መስኮት ስሠራ ቆይቻለሁ። የራሴ መቁረጫ፣ ኮምፕረሰርና የብየዳ ማሽን አሉኝ፤ ዛሬ ቢሸጡ 250 ሺህ ብር ገደማ ያወጣሉ።

ታላቅ እህቴ ጅዳ ናት። በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን 700 ሺህ ብር ልትሰጠኝ ነው። ‹ሥራ ጀምርበት፣ ስመለስ እኔም የምገባበት ነገር ይኑረኝ› አለችኝ። አጎቴ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ መንገድ ዳር ሰፊ ግቢ አላቸው። ‹ግቢውን ሰጥቻችኋለሁ፣ ሲሶው የእኔ ነው› ይላሉ።

አሁን አንድ ሥራ ተቋራጭ ኮምቦልቻ ለሚሠራው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ መስኮቱን በሙሉ ሊሰጠኝ ፈልጓል። 30 በመቶ ቅድሚያ ይከፍለኛል። ግን ‹ሕጋዊ ደረሰኝ የሚቆርጥ ድርጅት ይዘህ ና› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ መካሪ ሆኗል። አንዱ ‹በራስህ ስም ፈቃድ አውጣ፣ ቶሎ ያልቃል› ይላል። ሌላው ‹ፒኤልሲ ካልሆንክ ማን ሥራ ይሰጥሃል› ይላል። ጓደኛዬ ‹ፒኤልሲ ከሆንክ ግብር ይጨርስሃል፣ ሽርክና ይሻላል› አለኝ። አጎቴ ‹በቤተሰብ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል› ብለው ተቆጡ። ባለቤቴ ደግሞ ዝም ብላለች። ምን ይሻለኛል?

ሸሪክ ፈላጊው፣ ከደሴ»

ወንድሜ፣ አብሽር። ፈቃድ አውጥቶ ሥራ የሚፈልግ ስንት ሰው አለ። አንተ ሥራው ቀድሞ መጥቶልሃል።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ቀጥለህ ታነባለህ። እኔ ብሆን አንተና እህትህ ብቻ አባል የምትሆኑበት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁማለሁ። ሰው ፒኤልሲ የሚለው ማለት ነው። አጎትህን ሸሪክ አላደርጋቸውም፤ አከራይ አደርጋቸዋለሁ። የእህትህንም ገንዘብ ሙሉውን ካፒታል አላደርገውም።

መካሪዎችህ በሙሉ ያዩት አንተን ነው። ያንተን ግብር፣ ያንተን ክብር፣ ያንተን ጊዜ። እኔን ያሳሰበችኝ ግን እህትህ ናት። ትልቁ ገንዘብ የእሷ ነው፤ ምክክሩ ላይ የሌለችውም እሷ ናት።

ፈቃዱ በአንተ ስም ብቻ ወጣ እንበል። በሕግ ፊት ነጋዴው አንተ ነህ። ወርክሾፑ፣ ማሽኑ፣ ባንክ ያለው ብር ያንተ ነው። ባለትዳር ስለሆንክ ነገሩ እዚያ አያበቃም። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት፣ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት የአንዱ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ክፉ አይንካህና አንድ ቀን አንተ ባትኖር፣ እህትህ ከወራሾችህ ፊት ቆማ «ገንዘቡ የእኔ ነበር» ልትል ነው። በምን ማስረጃ? በኢሞ በተላላካችሁት ድምፅ?

ይኼን የምለው አንተን ስለጠረጠርኩ አይደለም። ሐቀኛ ሰው መሆንህ ከደብዳቤህ ያስታውቃል፤ ባይሆን ኖሮ ብሩን ተቀብለህ ዝም ትል ነበር። ወረቀቱ የሚያስፈልገው አንተ ለሌለህበት ቀን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅድሚያ ክፍያው ነው። እጅ ሲገባ ገቢ ይመስላል። መስኮቱ ተገጥሞ ርክክብ እስኪፈረም ድረስ ግን ዕዳ ነው። ብሩን ተቀብለህ የአልሙኒየሙን ፕሮፋይል ሳትገዛ ዋጋው ቢጨምር ልዩነቱን ማን ይሸፍናል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንዴት እንደሆነ በሰው ወርክሾፕም ሆነህ አይተኸዋል። ዋጋ ቆርጦ የተዋዋለ ስንቱ ከኪሱ ጨመረ።

በግል ነጋዴነት ከሠራህ ባለዕዳው ራስህ ነህ። የወርክሾፑ ንብረት ካልበቃ ቁጠባህም ቤትህም ይከተላል። ነጋዴው በንግዱ የገባበት ዕዳ የትዳሩንም የጋራ ንብረት ሊነካ ይችላል። ባለቤትህ ዝም ያለችው ይኼ ታይቷት ይሆናል፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

የግል ማኅበር ሲሆን ግን ድርጅቱ በሕግ ራሱን የቻለ ሰው ነው። ሀብቱም ዕዳውም የራሱ ነው። አባላቱ ቢበዛ የሚያጡት ያዋጡትን ነው። አሁን የምንሠራበት የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ለዚህ ዓይነቱ ማኅበር ቢያንስ 2፣ ቢበዛ 50 አባላት ይፈልጋል። ዝቅተኛው ካፒታል 15 ሺህ ብር ነው። እናንተ በሁለቱም በኩል ታሟላላችሁ።

ይኸው ሕግ ከዚህ በፊት ያልነበረ አንድ ነገርም አምጥቷል፤ ባለ አንድ አባል የግል ማኅበር። እህትህ «እኔ ድርሻ አልፈልግም፣ ብድር ይሁንና መልስልኝ» ካለችህ ይኼ መንገድ አለልህ። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በል። አንተ ብትሞት ወይም መሥራት ቢያቅትህ የሚተካህን ሰው ከመጀመሪያው ሰነዱ ላይ ትሰይማለህ። የድርጅቱን ገንዘብ ከግል ኪስህ መለየትህን ማሳየት ካልቻልክ ደግሞ የኃላፊነት ገደቡ አይጠብቅህም። ከደብዳቤህ እንደገባኝ ግን እህትህ የፈለገችው «የምገባበት ነገር» ነው። ያ ድርሻ ነው እንጂ ብድር አይደለም።

አሁን ወደ ክፍፍሉ እንምጣ፤ ብዙ የቤተሰብ ድርጅት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የእሷ 700 ሺህና ያንተ 250 ሺህ ማሽን ሁሉም ካፒታል ቢሆን፣ እህትህ 74 በመቶ ገደማ ትይዛለች። ሥራ አስኪያጁን የምትሾመውም የምትሽረውም እሷ ትሆናለች ማለት ነው። እሷ ላትሽርህ ትችላለች። ነገ የምታገባው ሰው ምን እንደሚመክራት ግን አታውቅም።

ስለዚህ ገንዘቧን ለሁለት ክፈሉት። 300 ሺው ካፒታል ይሁን። 400 ሺውን ለድርጅቱ ታበድር። አበዳሪዋ እሷ፣ ተበዳሪው ድርጅቱ ነው፤ አንተ አይደለህም። ያን ጊዜ ድርሻችሁ 55 በ45 ገደማ ይሆናል። እሷ አሁንም ትበልጣለች፣ የመሾምና የመሻሩ ድምፅም የእሷ ሊሆን ይችላል፤ መብለጥም አለባት። ነገር ግን ሁለታችሁም የሚሰማ ድምፅ ይኖራችኋል። ወለድ የማትነኩ ከሆነ ብድሩ ያለ ወለድ ይሁን፤ ሕጉ አያስገድዳችሁም። መመለሻውን ግን በቀን ቁረጡት፤ ለምሳሌ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየስድስት ወሩ ይህን ያህል ብላችሁ። ለእሷም ሌላ ጥቅም አለው። ድርጅቱ ቢዘጋ አበዳሪ ከአባል ቀድሞ ነው የሚከፈለው።

«ሙያዬስ?» ትለኛለህ። በዚህ ዓይነት ማኅበር መዋጮ የሚሆነው ገንዘብና ዋጋው የሚተመን ንብረት ነው፤ ሙያ ካፒታል ተብሎ አይቆጠርም። ማሽኖችህ ግን ይቆጠራሉ። ግምታቸውን አታጋንን፤ ከልክ ያለፈ ግምት ኋላ ያስጠይቃል። የሙያህ ዋጋ በደመወዝ ይከፈልሃል። ሥራ አስኪያጅ ነህና ደመወዝህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይቆረጥልህ፣ የሥራ ግብሩም ይከፈልበት። ደመወዝህ ለድርጅቱ ወጪ ስለሆነ ትርፍ ላይ የሚከፈለውን ግብርም ይቀንሳል። ደመወዝ ሳይቆርጥ ከካዝና እያነሳ የሚበላ ባለቤት በዓመቱ መጨረሻ ያተረፈውንም የበላውንም አያውቀውም። ብሯ ያለበት እህት ጅዳ ተቀምጣ ስትጠይቅ ምን ልትመልስላት ነው?

ጓደኛህ «ሽርክና ይሻላል» ያለህን በትሕትና እምቢ በለው። በኅብረት ሽርክና ማኅበር እያንዳንዱ ሸሪክ ለማኅበሩ ዕዳ በሙሉ በግል ንብረቱ ጭምር ይጠየቃል። አንተ ኮምቦልቻ ላይ በተዋዋልከው ውል እህትህ ነገ ደሴ ላይ ቤት ብትገዛ ሊያዝባት ይችላል። በግብርም አያተርፍህም። በገቢ ግብር አዋጁ ቁጥር 979/2008 ሽርክና ማኅበርም «ድርጅት» ነው፤ እንደ ፒኤልሲው ሒሳብ መዝገብ መያዝ አለበት። የግል ነጋዴውን ዕዳና የፒኤልሲውን ወረቀት አንድ ላይ መሸከም ነው።

አጎትህ የሚያስቡት ደግሞ ሌላ ይመስለኛል። በእኛ አገር አንዱ ገንዘብ፣ አንዱ ጉልበት አውጥቶ ትርፍ መካፈል የቆየ ነው። ሙዷረባ የሚሉት አሉ። ትርፉ በተስማሙበት ይከፈላል፤ ከከሰረ ባለገንዘቡ ገንዘቡን፣ ሠራተኛው ድካሙን ያጣል። በንግድ ሕጉ ለዚህ የሚቀርበው የእሽሙር ማኅበር ነው። አይመዘገብም፣ ውጪ ያለ ሰው አያውቀውም፣ ከውጪ ሰው ጋር የሚዋዋለውም የሚጠየቀውም ሥራውን የሚመራው ሰው ብቻ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ ለአንድ ዙር እህል ወይም ለአንድ ጭነት ጨርቅ ሸጋ ነው፤ ሸጠው፣ ተካፍለው፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ለዓመታት ለሚቆም ወርክሾፕ ግን አይመችም። ማሽኑ በአንተ ስም፣ ደረሰኙ በአንተ ስም ይሆንና እህትህ መነሻችን ላይ ወዳልነው ችግር ትመለሳለች።

አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ 5 ባለአክሲዮንና 50 ሺህ ብር ካፒታል ይፈልጋል፤ የእናንተ መንገድ አይደለም። በሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በኩል በኢንተርፕራይዝ መደራጀትም አለ። መሥሪያ ሼድና ማሽን ለሌለው ሰው ጥሩ በር ነው። አንተ ግን ግቢም ማሽንም አለህ።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚፈራው ወደ ግብሩ። ፒኤልሲ ከመጀመሪያ ቀኑ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው፤ ሽያጩ ቢያንስም ቢበዛም። ሒሳብ መዝገብ ይይዛል፣ የዓመቱን ግብር ከበጀት ዓመቱ መጨረሻ በኋላ እስከ ጥቅምት 30 ያስታውቃል፣ ከትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል። ትርፉን ለአባላት ስታከፋፍሉ የትርፍ ድርሻ ግብር ለብቻው አለ። የግል ነጋዴ ግን ደረጃው በሽያጩ መጠን ይወሰናል፤ ከትርፉ የመጀመሪያው ክፍል ነፃ ሆኖ ደረጃ በደረጃ እስከ 35 በመቶ ይወጣል። እርከኖቹ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽለዋል። ስለዚህ ጓደኛህ ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም። ለትንሽ ሱቅ የግል ነጋዴነት ይቀላል፣ ይረክሳልም።

ያንተ ሥራ ግን ትንሽ ሱቅ አይደለም። የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ መስኮት ብቻውን የግል ነጋዴንም ደረጃ «ሀ» ሊያስገባ ይችላል። ያን ጊዜ መዝገቡም ሒሳብ ሠራተኛውም አይቀርልህም። ተቋራጩም የሚፈልገው የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ደረሰኝ ሊሆን ይችላል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ብዙ ባለሙያ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ዋጋ ስትሰጥ «ቫት ጨምሮ» ወይም «ከቫት በፊት» ብለህ ጻፍ። ዝም ካልክና ተቋራጩ «ጨምሮ መስሎኝ» ካለህ 15 በመቶው ቫት ካንተ ትርፍ ይወጣል። በዚህ ሥራ ይኼ ማለት ትርፉ በሙሉ ማለት ሊሆን ይችላል።

ፒኤልሲ ሌላም ሸክም አለው። ሥራ በሌለበት ወርም ማስታወቅ አይቀርም። ሠራተኛ ስትቀጥር ከደመወዙ 7 በመቶ ከእሱ፣ 11 በመቶ ከድርጅቱ ለጡረታ ይገባል። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት፣ ከዚያ በኋላ በቅጣት። መዝጋቱ ደግሞ ከመክፈቱ ይከብዳል። የግል ነጋዴ ግብሩን ጨርሶ፣ ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) ወስዶ ፈቃዱን ይመልሳል። ማኅበር ግን መፍረስ፣ ሒሳብ ማጣራት፣ ዕዳ መክፈልና ከመዝገብ መሰረዝ አለበት። «ለሙከራ እንክፈተው» የሚባል ነገር አይደለም። ለአንድ ዓመት ብቻ ልትሠራ ካሰብክ ምክሬን እለውጥልሃለሁ፤ በግልህ አውጣ።

«ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለውንም እንደ ጋሻ አትመነው። ባንክ ብድር ሲሰጥ የሥራ አስኪያጁን፣ አንዳንዴም የትዳር ጓደኛውን የግል ዋስትና ያስፈርማል። ያን ስትፈርም ገደቡ ለባንኩ ዕዳ ተነሣ ማለት ነው። ድርጅቱ ግብር ካልከፈለም ሥራ አስኪያጁ በግሉ የሚጠየቅበት አጋጣሚ አለ። የድርጅቱን ብር ለልደት ድግስ፣ ለቤት ኪራይ እያወጣህ ከቀላቀልከውም በክርክር ጊዜ አንተና ድርጅቱ የተለያያችሁ መሆናችሁን ማስረዳት ይከብድሃል። የተለየ የባንክ ሒሳብ ይኑር። ከእሱ የወጣች ሁሉ ወረቀት ይኑራት።

አጎትህ። እሳቸውን ከሸሪክነት የማስወጣው ስለማላከብራቸው አይደለም። «ግቢውን ሰጠሁ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ለድርጅቱ በመዋጮ ከሰጡ ካርታው ወደ ድርጅቱ ስም ይዞራል። ድርጅቱ ከከሰረ ግቢውም ለዕዳ ይሸጣል። ይኼን ይፈልጋሉ? አይመስለኝም። ካርታውን እኔ ጋ አስቀምጬ ሲሶ ልውሰድ ከሆነ ደግሞ የሰጡት ግቢውን ሳይሆን መጠቀሚያውን ብቻ ነው። ለእሱ ትክክለኛው ስሙ ኪራይ ነው።

ስለዚህ ቁጭ ብለህ እንዲህ በላቸው፦ «አጎቴ፣ ግቢዎ የእርስዎ እንደሆነ ይቆይ። ድርጅቱ በየወሩ ኪራይ ይክፈልዎ፣ ብንከስርም የእርስዎ አይነካ።» የአምስት ዓመት ውል ይሁን፣ ከተቻለ የማደስ መብት ያለው። የመጀመሪያዎቹን ወራት በትንሽ ኪራይ ይጀምሩልህ፤ ውለታቸው እዚያ ላይ ይታይ። ሼዱን ድርጅቱ ከሠራው ውሉ ሲያልቅ የማን እንደሚሆንም ይጻፍ። አስፋልት ዳር ያለ ግቢ ዋጋው ይጨምራል፤ ነገ ሌላ ተከራይ እጥፍ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለምዝገባም ቢሆን የድርጅቱን አድራሻ የሚያሳይ ውል ትጠየቃለህ። እሺ ካላሉህ ታላቅ ሰው ጨምር፤ እናትህ ወይም አጎትህ የሚሰሙት ሽማግሌ። ወረቀቱን አንተ ብቻህን ይዘህ አትሂድ።

እህትህ ጅዳ ስላለች መፈረም አትችልም ማለት አይደለም። እዚያ ባለው ቆንስላችን ቀርባ ውክልና ትሰጣለች፤ ሰነዱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ «ጠቅላላ ውክልና» አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ለተራ አስተዳደር ሥራ ነው። ገንዘብን ካፒታል አድርጎ ለማዋል ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ማኅበር ለመመሥረት፣ ይህን ያህል ብር ለማዋጣት፣ መመሥረቻ ጽሑፍ ለመፈረም ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ወኪሏ አንተ አትሁን። አውቃለሁ፣ ቀላሉ እሱ ነው። ግን አንተ በራስህ ስምም በእሷም ስም ፈርመህ ከራስህ ጋር ተዋዋልክ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ውል ሕጉ እንዲፈርስ የመጠየቅ መብት ይሰጣታል። እናታችሁ፣ ታናሽ እህት ካለች እሷ፣ ወይም እህትህ የምታምናት ጓደኛዋ ትሁን። ገንዘቡም በሰው እጅ አይምጣ። በባንክ ትላከው፣ ደረሰኙን ታስቀምጠው፣ እዚህም በድርጅቱ ሒሳብ ይግባ እንጂ በአንተ አይግባ። በእህትህ ፋንታ አንተ ብትሆን የምትፈልገው ይኼንኑ አይደል?

መመሥረቻ ጽሑፉን ከሌላ ድርጅት አትቅዳ። ስም ብቻ እየተቀየረ የሚዞር ጽሑፍ አለ፤ የእናንተን ጉዳይ አያውቀውም። ለባለሙያ ስትሰጥ እነዚህ ይካተቱልኝ በል። አንዳችሁ ብትሞቱ ድርሻው ለወራሽ ይለፍ ወይስ ሌላው በግምት ይግዛው? ግምቱንስ ማን ያወጣል? እህትህ ስትመለስ በሥራው ትገባለች ወይስ ባለድርሻ ብቻ ሆና ትቀጥላለች? ሥራ አስኪያጁ ብቻውን እስከ ስንት ብር መዋዋል ይችላል? ለምሳሌ ከተወሰነ መጠን በላይ ቅድሚያ ክፍያ ለመቀበል የእህትህ ወይም የወኪሏ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል ማለት ትችላላችሁ። ከትርፉ ስንት እጅ ለሁለት ዓመት ሳይከፋፈል ማሽን ይገዛበታል? ብትጣሉ ማን ይሸምግላችሁ? ይኼን አሁን፣ ሳትኳረፉ ጻፉት። ከተኳረፋችሁ በኋላ የሚጻፍ ውል ክስ ነው።

የባለቤትህ ጉዳይ። ማሽኖቹ የተገዙት ከጋብቻ በኋላ ከሆነ የጋራ ሀብታችሁ ናቸው፤ ወደ ድርጅቱ ከመግባታቸው በፊት በጽሑፍ መስማማቷ ይሻላል። ከዚያ ደግሞ ከተቀጠርክበት ወጥተህ ደመወዝህ ሊቋረጥ ነው፤ ልጅ አለ። ዝምታዋን እንደ እሺታ አትቁጠረው። ስንት ወር ያለ ገቢ ትቆያላችሁ? መልሱን ከእሷ ጋር ቁጠሩት። የድርጅቱን ካፒታል አስቤዛ እንዳትገዛበት የሚያደርግህ እሱ ነው።

ወርክሾፑ ኮምቦልቻ ስለሆነ መነሻህ የኮምቦልቻ ከተማ ንግድ መምሪያ ነው፤ አንተ ደሴ ብትኖርም። የሐረጎን ቁልቁለት እየወረድክ ትመላለሳለህ። ቅደም ተከተሉ በአጭሩ ይኼ ነው። የንግድ ስሙን አስፈትሸህ ታስይዛለህ። የእህትህ ውክልና ሲደርስ መመሥረቻ ጽሑፉ ይፈረማል፣ ይረጋገጣል። የኪራይ ውሉ ይዘጋጃል። ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይወጣል፣ ማኅበሩ ይመዘገባል፣ ፈቃዱ ይከተላል። ከዚያ ቫትና ደረሰኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ከዚያ በፊት አነጋግር፤ ብዙ ጀማሪ ድርጅት ቋሚ አይቀጥርም፣ በወር እየከፈለ ያሠራል። በኋላ ደሴ ላይ ማሳያ ከከፈትክ ቅርንጫፉም ከመከፈቱ በፊት ይመዘገባል።

ከሁሉም የሚያስቸኩለው ተቋራጩ ነው። ድርጅቱ ሳይመዘገብ በድርጅቱ ስም ውል አትፈርም፣ ብርም አትቀበል። ከምዝገባ በፊት ለተገባ ግዴታ የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነውና እንደገና አንተው ራስህ ባለዕዳ ትሆናለህ። ዛሬ ሄደህ እንዲህ በለው፦ «ድርጅቱ በምዝገባ ላይ ነው። ልኬቱን አሁን እወስዳለሁ፣ ዋጋውን ከቫት በፊት ብዬ በጽሑፍ እሰጥሃለሁ። ዋጋው የሚጸናው ለዚህን ያህል ቀን ነው። ፈቃዱ ሲወጣ እንፈራረማለን።» ቁም ነገረኛ ተቋራጭ ከሆነ ይጠብቅሃል፤ ሕንፃው መስኮት የሚደርሰው የግድግዳው ልስን ሲያልቅ ነው። ዛሬውኑ ካልፈረምክ ብሎ ከተጫነህ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያውን ለምን እንዲህ እንደቸኮለበት ጠይቀው።